ለባለ ጡረታውና ለዘማቹ እጁን ያወጣው ማን ነው?

መራዊ፦ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ መታቀዱን ተከትሎ በመራዊ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር መራጭ አንድ ቀላል ጥያቄ ቢያነሣ ተገቢ ነው። በስሙ አዲስ አበባ ሄዶ የተቀመጠው ተመራጭ የጡረታ ሕግ ሲወጣ፣ ለተሰናባች ወታደር የሚውል ገንዘብ ሲበጀት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ ሲወሰን እጁን ለድጋፍ አወጣ ወይስ ለተቃውሞ? ወይስ በድምፀ ተአቅቦ አለፈው?

ጥያቄው ቀላል ይሁን እንጂ መልሱን ማግኘት ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የተመራጮችን የድምፅ አሰጣጥ በስም እያነጻጸረ የሚያሳይ ለሕዝብ የቀረበ መዝገብ የለም። መራጩ የሚደርሰው ድምሩ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ድምሩ ምን እንደሚነግረን፣ ምን እንደሚደብቅብን፣ እንዲሁም ለዘማቾች፣ ለጡረተኞችና ለችግረኞች የሚሰጠው ድጋፍ እስከ ዛሬ በማን ውሳኔ ሲያልፍ እንደኖረ ይመረምራል።

የተቆጠረው እጅ እንጂ ባለ እጁ አይደለም

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግጋል። ተገዥነታቸውም ለሦስት ነገሮች እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው። ይኸው አንቀጽ ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰስ ዋስትና ይሰጣል። መራጩ አመኔታ ባጣበት ጊዜም ተመራጩን ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ያስቀምጣል። አንቀጽ 58 ስብሰባዎቹ በመርሕ ደረጃ በግልጽ እንዲካሄዱ ያዛል፤ አንቀጽ 59 ደግሞ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ እንዲያልፍ ይደነግጋል።

በተለመደው አሠራር ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው መርምሮና አስተያየት ሰብስቦ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ከዚያም አፈ ጉባኤው የሚደግፉትን፣ የሚቃወሙትንና ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉትን በየተራ እጃቸውን እንዲያወጡ ይጠይቃሉ። ውጤቱም «በሙሉ ድምፅ»፣ «በአብላጫ ድምፅ» ወይም «በይህን ያህል ተቃውሞና በይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ» ተብሎ ይገለጻል። በዚህ ሂደት እጆቹ ይቆጠራሉ፤ የእጆቹ ባለቤቶች ስም ግን ለመራጩ አይደርስም።

ድምሩ ብቻውንም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ብዙ ይናገራል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛ ምርጫ፣ መጀመሪያ ይፋ በተደረገው ውጤት መሠረት ከ436 ወንበሮች ውስጥ ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸንፏል። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5፣ ኢዜማ ደግሞ 4 ወንበር አገኙ። ሌሎች አነስተኛ ፓርቲዎችንና የግል ተመራጮችን ብንደምር እንኳ ከገዥው ፓርቲ ውጪ ያሉት አባላት ቁጥር ከ30 አይዘልም።

እንዲህ ባለው ምክር ቤት የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማንሣት በቀረበው ውሳኔ ላይ 63 አባላት ተቃወሙ፤ 21 አባላትም ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕወሓት ከሽብርተኝነት መዝገብ እንዲሰረዝ በቀረበው ውሳኔ ላይ ደግሞ 61 ተቃውሞና 5 ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበ። ስሌቱ ግልጽ ነው። ከገዥው ፓርቲ ውጪ ያሉት አባላት ሁሉ ተቃውመው ነበር ብንል እንኳ፣ በሁለቱም ጊዜ ከ30 የማያንሱ የራሱ የገዥው ፓርቲ አባላት ከፓርቲያቸው አቋም ተለይተው ድምፅ ሰጥተዋል።

ይህ ሐቅ «የአንድ ፓርቲ አባላት ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚሰጡ ስማቸውን ማወቅ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ክርክር መልስ ይሆናል። ልዩነት ነበረ፤ አለም። ከእነዚያ ድምፆች መካከል የምዕራብ ጎጃም ተመራጮች ድምፅ የትኛው እንደነበር ግን የመራዊ ነዋሪ ከድምሩ ሊያነብ አይችልም። አንድ ተመራጭ በመራጩ ስሜት ድምፅ ሰጥቶ ከሆነ ሊመሰገንበት፣ ተቃራኒውን አድርጎ ከሆነም ሊጠየቅበት የሚችልበት ማስረጃ በእጁ የለም።

ሦስት የዘማች ትውልዶች፣ ሦስት ውሳኔዎች

የዘማቾች ጉዳይ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በዚህ አካባቢ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ድረስ ዘማች ያልወጣበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ለዘማቹ የተሰጠው ድጋፍ በየዘመኑ በማን እንደተወሰነ መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ትውልድ የአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ትውልድ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች መሬት በጋሻ እንዲሰጥ ትእዛዝ አወጣ። ድጋፉ የዙፋኑ ችሮታ እንጂ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት መክሮ ያጸደቀው መብት አልነበረም። የምክር ቤት አባላት በሕዝብ መመረጥ የጀመሩት በ1949 ዓ.ም. ነውና፣ በዚያን ጊዜ ድምፁን የሚሰጥ ተመራጭም አልነበረም።

ሁለተኛው ትውልድ የደርግ ዘመን ሠራዊት ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ በርካታ የገጠር ወጣት ከሞፈርና ቀንበር ተነጥሎ ወደ ጦር ግንባር ተጓዘ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ይህን ሰው ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ወደ ገጠር ለተመለሱት ቀለብ፣ ዘር፣ የእርሻ መሣሪያና ለተወሰኑትም በሬ የሚሰጥበት መርሐ ግብር ተዘረጋ። ይህ ሁሉ ሲወሰን ግን አገሪቱ በሽግግር ላይ ነበረች፤ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት አልነበረም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላም 150 ሺህ ገደማ ሠራዊት እንዲሰናበት ተደረገ፤ ዋናው የገንዘብ ምንጭ ከዓለም ባንክ የተገኘ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ነበር።

ሦስተኛው ትውልድ የዛሬው ነው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ የቀድሞ ታጣቂዎችን ትጥቅ የማስፈታት፣ የማሰናበትና መልሶ የማቋቋም ኃላፊነት ለብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽኑ በተለያዩ ክልሎች የሚገኙ 371 ሺህ 971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ለመድረስ ማቀዱን አስታውቋል። ይህ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ የማቋቋም ሥራዎች አንዱ ነው። ሆኖም ኮሚሽኑ የተቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 525/2015 ነው። ደንብ የአስፈጻሚው አካል ሥልጣን ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች በየስማቸው እጃቸውን የሚያወጡበት ጉዳይ አይደለም።

ሦስቱን ብናነጻጽር አንድ መሥመር ጎልቶ ይታያል። ዘመኑና ሥርዓቱ ተለዋውጧል፤ ለዘማቹ የሚሰጠው ድጋፍ ግን በትእዛዝ፣ በሽግግር ውሳኔ ወይም በደንብ ሲያልፍ ኖሯል። ስለዚህ «የትኛው ተመራጭ ለዘማቾች ቆመ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመልሱ ግማሽ የሚሆነው ተመራጩ ድምፅ እንዲሰጥበት ዕድል ያገኘበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው የሚለው ነው።

ምክር ቤቱ ድምፅ የሰጠበት፦ የጡረታ ሕግ

ምክር ቤቱ በግልጽ የወሰነበት ዋናው መስክ የጡረታ ሕግ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ለአሥርት ዓመታት የሥርዓቱ መሠረት ሆኖ ቆየ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 345/1995 ተተካ። ቀጥሎም በ2003 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ፤ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 በቦታቸው ተተኩ።

የ2003ቱ አዋጆች በማን እንደጸደቁ ማስታወስ ለንጽጽሩ ይረዳል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ አሸንፈው ነበር፤ ከመድረክ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉና አንድ የግል ተመራጭ ብቻ ከዚህ ውጪ ነበሩ። በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ ሁሉም ወንበሮች በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት የግለሰብ ድምፅ ልዩነት የማሳየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ንጽጽሩ ሊደረግ የሚችለው በሕጎቹ ይዘት ላይ ነው።

ይዘቱ ደግሞ በቀጥታ የሰው ኪስ የሚነካ ነው። በ1995ቱ አዋጅ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛ 6 በመቶ፣ ለወታደር 16 በመቶ ያዋጣ ነበር። የ2003ቱ አዋጅ የሠራተኛውን መዋጮ ወደ 7 በመቶ፣ የመንግሥትን ለሲቪል ወደ 11 በመቶ፣ ለሠራዊትና ለፖሊስ ወደ 25 በመቶ የሚያሳድግ ሆኖ ወጣ። በዚህ ውሳኔ መምህሩና የጤና ባለሙያው በየወሩ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው ገንዘብ ጨመረ፤ በምላሹም ፈንዱ እንዲጠናከር ተደረገ።

አበሉም የሚሰላው በዚሁ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከአሥር ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ለሠራዊት አባል 1.65 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ለአብነት አማካይ ደመወዛቸው 6 ሺህ ብር የሆነ ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። ሁለቱም 25 ዓመት አገልግለዋል እንበል። የሲቪሉ ሠራተኛ 30 በመቶ ላይ ለ15ቱ ትርፍ ዓመታት 18.75 በመቶ ይጨመርለትና በወር 2 ሺህ 925 ብር ያገኛል። የሠራዊቱ አባል 24.75 በመቶ ተጨምሮለት 3 ሺህ 285 ብር ያገኛል። ባለ መብቱ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን ግማሽ ስለሚወርስ የወታደሩ ባለቤት በወር 1 ሺህ 642 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳታል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ ይህ ገንዘብ ስንት ቁና ጤፍ እንደሚገዛ አንባቢው ራሱ ያውቀዋል።

ዋናው ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የስሌቱን ቀመር ይወስናል፤ አበሉን ከኑሮ ውድነት ጋር የማስተካከሉ ሥራ ግን በተግባር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ሲፈጸም ቆይቷል። ብር በገበያ ላይ ዋጋውን ሲያጣ በድሮ ደመወዝ የተሰላ አበል በዚያው ልክ ይሟሟል። ከአሥር ዓመት በፊት ጡረታ የወጣ ሰውና ዛሬ የሚወጣ ሰው ተመሳሳይ ማዕረግና ተመሳሳይ አገልግሎት ቢኖራቸውም አበላቸው እኩል አይሆንም። ይህ ልዩነት እንዲጠብ የጠየቀ፣ በቋሚ ኮሚቴ ያነሣ፣ ጥያቄውን ለሚኒስትር ያቀረበ ተመራጭ ካለ ከየትኛውም የእጅ ቆጠራ በላይ ምስክር ይሆነዋል።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር የጡረታ ሕጉ የማይደርስባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው በመደበኛ ስንብት ጊዜ ወርኃዊ የአገልግሎት አበል አያገኝም። ደመወዝ ሳይኖረው መሣሪያ ይዞ ቀበሌውን የጠበቀ የገበሬ ሚሊሻም የጡረታ መዋጮ የሚከፈልለት ሠራተኛ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በገጠር ያለችው ጡረታ መሬቱ ናት። የመሬት ይዞታ ደግሞ በዝርዝር የሚወሰነው በክልሉ ሕግ ነው። በ1989 ዓ.ም. በጎጃም የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የተመራው በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 16/1989 ነበር፤ በዚያን ጊዜ «ቢሮክራት» የሚል ስም የተሰጣቸው አርሶ አደሮች ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። በኋላም አዋጅ ቁጥር 46/1992፣ 133/1998 እና 252/2009 እየተተካኩ ወጥተዋል። ስለዚህ የገጠሩ ዘማች የባሕር ዳሩን ምክር ቤት ከአዲስ አበባው ባላነሰ ሊከታተለው ይገባል።

ማኅበራዊ ድጋፍ፦ ማን ይወስናል፣ ማን ይደርሰዋል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመደገፍ ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። አንቀጽ 90ም የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹሕ ውኃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና አገልግሎት ለዜጎች እንዲዳረስ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ውሳኔውን ሁሉ ወደ በጀት ይወስደዋል። አቅም ምን ያህል እንደሚፈቅድ የሚታወቀው በጀት ሲጸድቅ ነውና።

የፌዴራል መንግሥት በጀት ለ2016 ዓ.ም. 801.65 ቢሊዮን ብር፣ ለ2017 ዓ.ም. 971.2 ቢሊዮን ብር፣ ለ2018 ዓ.ም. 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸድቋል። ተመራጩ በጀቱን ሲያጸድቅ እጁን የሚያወጣው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው፤ ለመንገዱ፣ ለዕዳ ክፍያው፣ ለመከላከያው፣ ለሴፍቲኔቱ። በጀቱን የደገፈ አባል ለማኅበራዊ ድጋፍ ቆመ ለማለት፣ የተቃወመም ድጋፉን ጠላ ለማለት አያስችልም። የድምፅ መዝገብ በስም ቢታተም እንኳ አንባቢው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ትልቁ የማኅበራዊ ድጋፍ መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። የመሥራት አቅም ያላቸው ችግረኛ ቤተሰቦች በአካባቢ ልማት ሥራ ተሳትፈው ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ፤ አቅመ ደካሞች ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። በክልላችን መርሐ ግብሩ በዋናነት ያተኮረው በወሎ፣ በዋግ ኽምራና መሰል ተደጋጋሚ ድርቅ ባጠቃቸው ወረዳዎች ነው። ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች ተብሎ ስለሚታወቅ በአመዛኙ ከዚህ ውጪ ሆኖ ኖሯል።

ትርፍ አምራች መባል ክብር ነው፤ የራሱ ዋጋም አለው። ዞኑ ትርፍ ያመርታል ማለት በዞኑ ያለ ቤት ሁሉ ትርፍ አለው ማለት አይደለም። መሬት የሌለው ወጣት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከጦር ሜዳ አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ሰው በቆጋ መስኖ አጠገብም ሆነ በቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ አይጠፋም። የድጋፍ መርሐ ግብር በወረዳ ሲመደብ በጥሩ ወረዳ የሚኖር ችግረኛ ከቁጥር ውጪ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ደግሞ የችግረኛውን ቁጥር እንጂ የድጋፉን መጠን አልጨመረም ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። የከተማው ሴፍቲኔትም ሲጀመር በ11 ከተሞች ብቻ ነበር፤ ከአማራ ክልል ተራ የደረሳት ደሴ ናት።

በዚህ ዞን በእርግጥ ሥር የሰደደው መርሐ ግብር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር የመራዊ ጎረቤት ነው። በዚህ ሥርዓት እማወራና አባወራ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። «መክፈል አይችልም» ተብሎ ስንት ሰው እንደሚመዘገብ የሚወሰነው ወረዳው በሚይዘው በጀት ልክ ነው። ስለዚህ ለአንድ የመራዊ ችግረኛ ቤተሰብ ወሳኙ እጅ አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን የወረዳው ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ንጽጽሩ በሦስት ደረጃ መደረግ እንዳለበት ነው። ጡረታና የፌዴራል በጀት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ መሬትና የክልል ድጎማ በክልሉ ምክር ቤት፣ የጤና መድን ድጎማና የዕለት ድጋፍ በወረዳና በከተማ ምክር ቤት። አንዱን ደረጃ ብቻ ይዞ ተመራጭን መመዘን ጎደሎ ሚዛን ነው።

ስም ሲጻፍ ምን ይለወጣል?

የሌላው ዓለም ልምድ ስም ያለበት የድምፅ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ከጦር ሜዳ በሚወጣ መርዛማ ጭስ ለታመሙ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምናና አበል የሚያሰፋ ሕግ ለሴኔቱ ቀርቦ ነበር። ጁላይ 27 ቀን ውይይቱን ለመቋጨት በተሰጠው ድምፅ 55 ለ42 ሆኖ የሚያስፈልገውን 60 ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። የእያንዳንዱ ሴናተር ድምፅ በስም ተመዝግቦ ስለነበር የቀድሞ ወታደሮች ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። በምክር ቤቱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ሌት ተቀን ሰፈሩ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 2፣ ያው ሕግ 86 ለ11 በሆነ ድምፅ ጸደቀ። በዚያች ሳምንት ድምፃቸውን የለወጡት ሴናተሮች ስም ዛሬም ለማንም ዜጋ ክፍት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው የኬንያ ምሳሌ ነው። ጁን 25 ቀን 2024 የኬንያ ብሔራዊ ሸንጎ የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን 195 ለ106 በሆነ ድምፅ ሲያሳልፍ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ መራጩ በስም ለይቶ አወቀ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሕጉን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። በተቃውሞው የሰው ሕይወት መጥፋቱ የሚያሳዝን ነው፤ የሚያስተምረው ግን መራጭ የተመራጩን ድምፅ ሲያውቅ ጥያቄውን ለባለቤቱ ማቅረብ መቻሉ ነው።

በእኛም ታሪክ ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚከተለው ታይቷል። የግብርና ገቢ ግብር ሕግ በምክር ቤት ካለፈ በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አልቀበልም ብሎ ተነሣ። ገበሬው በዚያ ምክር ቤት ተወካይ ነበረው፤ ተወካዩ በስሙ ምን እንዳለለት ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጥያቄውን ለተወካዩ ማቅረብ ሲችል በጫካና በገደል አቀረበው።

ተቃራኒ ክርክሮች

ድምፅ በስም ይመዝገብ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሧቸው ነጥቦች ቀላል አይደሉም። አንደኛው የተመራጩ ደኅንነት ነው። ጸጥታ በደፈረሰበት አካባቢ የአንድ ተመራጭ ድምፅ በስም ቢገለጽ እርሱና ቤተሰቡ ለጥቃት ሊጋለጡ ይችላሉ ይላሉ። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው። ነገር ግን የጡረታ ቀመርንና የጤና መድን ድጎማን የመሰሉ ጉዳዮች ከጦርነትና ከአስቸኳይ ጊዜ ውሳኔዎች የተለዩ ናቸው፤ በእነዚህ መጀመር ይቻላል።

ሁለተኛው የኅሊና ነጻነት ነው። ስሙ የሚጻፍ ተመራጭ ከመራጩ ይልቅ ፓርቲውን ፈርቶ እጁን ያወጣል ይባላል። እጅ የሚወጣው ግን በአዳራሽ ውስጥ፣ በፓርቲው ተጠሪ ፊት ነው። ፓርቲው ማን ምን እንዳደረገ በዓይኑ ያያል፤ የማያየው መራጩ ብቻ ነው። ስለዚህ የዛሬው አሠራር ተመራጩን ከፓርቲው አይሸሽገውም፤ ከሕዝቡ እንጂ።

ሦስተኛው ወጪና አሠራር ነው። በየእድሩ ጸሐፊው ማን መዋጮ እንደከፈለ፣ ማን ከቀብር እንደቀረ በስም ይመዘግባል፤ በሸንጎም ቃለ ጉባኤው ተነቦ አባላት ይፈርሙበታል። በደብተርና በብዕር የሚሠራው ነገር በሚሊዮኖች ስም ለሚወስን ምክር ቤት የሚያቅት አይመስልም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትም ለዚህ ነው።

መራጩ እስከዚያው ምን ይጠይቅ?

የስም መዝገብ እስኪኖር ድረስ መራጩ ባዶ እጁን አይደለም። ዕጩ ሆኖ ለሚቀርብ ሰው፣ የትኛውም ፓርቲ ያቅርበው፣ አምስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይችላል።

አንደኛ፣ ከዚህ በፊት የምክር ቤት አባል የነበረ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ላይ ምን ድምፅ እንደሰጠ፣ ይህ ሕግ የጡረታ ፈንዱ በአዋጭ ኢንቨስትመንት ላይ እንዲውል መንገድ ሲከፍት ለፈንዱ ደኅንነት ምን ዋስትና እንደጠየቀ ይናገር።

ሁለተኛ፣ የጡረታ አበል ከኑሮ ውድነት ጋር በየጊዜው እንዲስተካከል በሕግ የሚያስገድድ ድንጋጌ እንዲገባ ይደግፍ እንደሆነ ይመልስ።

ሦስተኛ፣ የቀድሞ ታጣቂዎችን የማቋቋም ሥራ በደንብ ከሚመራ ይልቅ ዝርዝር መብቱ፣ በጀቱና የሪፖርት ግዴታው በአዋጅ እንዲወሰን ይፈልግ እንደሆነ ያስታውቅ። በደንብ የተሰጠ ነገር በደንብ ሊነሣ ይችላል፤ በአዋጅ የተሰጠ መብት ግን በአደባባይ ክርክር ሳይደረግበት አይነሣም።

አራተኛ፣ በትርፍ አምራች ወረዳ የሚኖር ችግረኛ ከድጋፍ ውጪ የሚሆንበትን አመዳደብ ለማሻሻል ምን እንደሚያቀርብ ያብራራ።

አምስተኛ፣ በምክር ቤቱ ድምፅ በስም እንዲመዘገብና እንዲታተም ይደግፍ እንደሆነ ይናገር። ይህኛው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል። የቀሩት አራት መልሶች የሚፈተኑት በእርሱ ነውና። ዕጩው ዛሬ በአደባባይ የሚሰጠው ቃል ነገ በአዳራሽ ከሚያወጣው እጅ ጋር የሚገናኝበት ሌላ መንገድ የለም።

ለጡረተኛው የወር አበሉ፣ ለተሰናባቹ ወታደር የመቋቋሚያ ድጋፉ፣ ለችግረኛዋ እናት የጤና መድን ደብተሯ የሚወሰኑት ሰዎች ተሰብስበው እጃቸውን ሲያወጡ ነው። እጆቹ የሚወጡት በእነዚህ ሰዎች ስም ከሆነ፣ የትኛው እጅ የማን እንደነበር የማወቅ መብትም የእነርሱ ነው።